የ60 ወሩ የፖስታ ማሽን ውል፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄህን ለሌላው አንባቢ ላሳጥረው። እህትህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ታክስ የምትሠራበትና የትናንሽ ሱቆችን ሒሳብ የምትይዝበት ቢሮ አላት። አንተ ኮምቦልቻ ሆነህ ማታ ማታ የጽሕፈት ሥራዋን ታግዛታለህ። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ደውሎ፣ ፖስታ ላይ የቴምብር ዋጋ የሚያትም ማሽን በወር 35 ዶላር ለ60 ወር ላከራያችሁ ብሏል። ውሉንም በኢሜይል ልኮ «እስከ ዓርብ ከተፈረመ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በነፃ» ብሏችኋል። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል በወር 400 ያህል ደብዳቤ ትልካለች፤ በቀሪዎቹ ወራት 60 ያህል። ይፈረም ወይስ አይፈረም? ማሽኑን ገዝቶ መገላገልስ አይቻልም? እንዲህ ያለ ማሽን ኮምቦልቻ ላለው ሥራችንስ ይሆናል? ያልከው ይኼንን ነው።

አብሽር፣ የሚያስቸግር ጥያቄ አይደለም። እኔም ደሴ ተቀምጬ ሒሳብ ከምሠራላቸው የውጭ ድርጅቶች መካከል እንዲህ ያለ ማሽን ያላቸው ስላሉ ውሉንም ቢሉንም አውቀዋለሁ። በቀረበላችሁ መልኩ አትፈርሙ። ምክንያቱ ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ማሽኑ ጥሩ ነው። የእህትህ ሥራ ግን ለዚህ ማሽን አይበቃም፤ ውሉ ደግሞ ከማሽኑ ይልቅ የከበደ ነው።

ከግዢው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። አይቻልም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዋጋ የሚያትመውን ክፍል፣ ማለትም ሜትሩን፣ ማንም ደንበኛ የራሱ እንዲያደርገው አይፈቅድም። ሜትሩ ገንዘብ የሚያትም ዕቃ ነው፤ በውስጡ ያለው የተቆለፈ መቁጠሪያ ስንት ዶላር እንደተሞላና ስንት እንደታተመ ይመዘግባል። ስለዚህ የሚከራየው ፖስታ ቤቱ ከፈቀደላቸው ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ ነው፦ ፒትኒ ቦውስ፣ ቀድሞ ኒዮፖስት ይባል የነበረው ኳዲየንት፣ የጀርመኑ ፍራንኮቲፕ ፖስታሊያና ዳታ ፓክ። ሚዛኑን፣ ፖስታ ማጠፊያውን፣ ማሽኑ የሚቀመጥበትን አካል መግዛት ይቻላል፤ ሜትሩን ግን አይቻልም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አርተር ፒትኒና ዋልተር ቦውስ ተጣምረው የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። እና ኢንተርኔት ላይ «ያገለገለ የፖስታ ሜትር በርካሽ» የሚል ማስታወቂያ ብታይ እለፈው። አሮጌዎቹ ሜትሮች አዲሱን የምልክት ዓይነት ማተም ስለማይችሉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከአገልግሎት ወጥተዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሻጩ «ትቆጥባላችሁ» ያለው ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው ታሪፍ አንድ ተራ ደብዳቤ በቴምብር ሲላክ 78 ሳንቲም፣ በሜትር ሲታተም 74 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ 4 ሳንቲም። እህትህ በዓመት የምትልከው በአራቱ ወራት 1,600፣ በስምንቱ ወራት 480፣ በድምሩ 2,080 ደብዳቤ ነው። በ4 ሳንቲም ስታባዛው በዓመት 83 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ኪራዩ ደግሞ በዓመት 420 ዶላር። 83 ለማትረፍ 420 መክፈል እንግዲህ ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ። ኪራዩን በቅናሹ ብቻ ለመመለስ በዓመት 10,500 ደብዳቤ መላክ አለባት፤ ይኼ በየወሩ 875 ነው፣ ክረምት ከበጋ። ቀለሙን ገና አልቆጠርኩም። ቀለሙ የዚያ ማሽን ብቻ የሆነ ካርትሪጅ ነው፤ ከየትም ሱቅ ገዝተህ አትተካውም።

የሽያጭ ሠራተኛው «በወር ስንት ትልካላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ምን ብላችሁ ይሆን? ታክስ የሚሠራ ቢሮ በመጋቢት ሲጠየቅ 400 ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ውሉ መስከረምንም ጥቅምትንም ያስከፍላል። ወቅታዊ ሥራ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥር ኪራይ ሲገባ ሁልጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አማካዩን ወስደህ አታስላ፤ ባዶ ወራቱን ቁጠራቸው።

እህትህ የምታባክነው ገንዘብ ካለ ግን ከ4 ሳንቲሙ ሳይሆን ከክብደት ይመስለኛል፤ ሻጩም ይኼንን አልነገራችሁም። የተራ ደብዳቤ ዋጋ የሚሠራው እስከ 1 አውንስ ነው፣ 28 ግራም ገደማ። አንድ ተራ የአሜሪካ ወረቀት 4 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። 5 ወረቀትና አንድ ረጅም ፖስታ 1 አውንስ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ 6ኛው ወረቀት ያሳልፈዋል። የታክስ ቅጂ ደግሞ ከ5 ወረቀት ይበልጣል። ሚዛን የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ለጥንቃቄ ሁለት ቴምብር ይለጥፋል፣ 1 ዶላር ከ56። የሚፈለገው ግን ለመጀመሪያው አውንስ 78፣ ለተጨማሪው 29 ሳንቲም፣ በድምሩ 1 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነው። በእያንዳንዱ ወፍራም ደብዳቤ 49 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ከሜትሩ ቅናሽ 12 እጥፍ! እህትህን ጠይቃት፤ ሁለት ቴምብር እየለጠፈች ከሆነ መድኃኒቱ ትንሽ ዲጂታል ሚዛንና ለተጨማሪ አውንስ ተብሎ የሚሸጠው ቴምብር ነው። ሁለቱም ውል የላቸውም።

በነገራችን ላይ እነርሱ ፎርኤቨር የሚሉት ቴምብር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሸጥ። ዋጋ የማይጻፍበት ነው፤ ዛሬ የገዛኸው ነገ ታሪፉ ቢጨምርም ለአንድ አውንስ ደብዳቤ ይሠራል። በሐምሌ 2025 ታሪፉ ከ73 ወደ 78 ከመውጣቱ በፊት ጥቅል ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ከጭማሪው በኋላም የሚልከው በ73 ሂሳብ ነው፤ ሜትር ከተከራየው በ1 ሳንቲም ይሻላል። የታሪፍ ጭማሪ ከመጽናቱ በፊት ስለሚነገር የወቅቱን ቴምብር አስቀድሞ መግዛት ይቻላል። ሜትር ላይ የሞላኸው ገንዘብ ግን ዶላር ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ታሪፉ ሲያድግ አብሮ አያድግም።

ወደ ውሉ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው እሱን ነው።

በኢሜይል የላክልኝ ገጽ ላይ ዋናው ሰንጠረዥ በትልቁ 35 ዶላር ይላል፣ በሥሩ ደግሞ «ሌሎቹ የውሉ ሁኔታዎች በድረ ገጻችን ላይ ይገኛሉ» የሚል መስመር አለ። እነዚያ ሁኔታዎችም የውሉ አካል ናቸው። ሳታወርዷቸውና ሳታነቧቸው ምንም አታድርጉ።

ስታነቡ መጀመሪያ ፈልጉ የምላችሁ «አይሰረዝም» የሚለውን ነው። ይኼ ዓይነት ኪራይ በብዙው እንዲህ ነው የሚጻፈው፦ ተከራዩ ማሽኑን ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም፣ ቢሮው ቢዘጋም፣ 60ውንም ወር ይከፍላል። በንግድ ሕጋቸው የፋይናንስ ኪራይ የሚባለው ውስጥ ከገባ ደግሞ ማሽኑ አልሠራ ቢል እንኳ ክፍያው አይቆምም፤ የማሽኑን ቅሬታ ለአቅራቢው፣ ገንዘቡን ለአከራዩ ነው። ባጃጅ ተከራይቶ በዝናብም በነዳጅ ወረፋም የቀን ገቢ የሚያስገባ ልጅ ያውቀዋል። «በ3 ቀን ውስጥ ሐሳብ መቀየር ይቻላል» የሚለው የአሜሪካ ደንብ ሰምተህ ከሆነ፣ እሱ ለግልና ለቤት ፍጆታ የሚገዛን ሰው የሚጠብቅ ነው፤ ለንግድ የተፈረመ ውል አይገባበትም። ብዙ የእኛ ሰዎች በዚህ ይታለላሉ። እዚያ አገር ሸማች ሆነህ ያለህ ከለላና ነጋዴ ሆነህ ያለህ ከለላ እኩል አይደለም።

ቀጥሎ ራሱን የሚያድሰው አንቀጽ። 60ው ወር ሲያልቅ ማሽኑን መልሰህ ትገላገላለህ ብለህ ታስባለህ፤ ውሉ ግን ከማለቁ በፊት በተወሰነ መስኮት ውስጥ፣ ለምሳሌ ከ120 ቀን እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ በጽሑፍ ካላሳወቅህ ለሌላ ዓመት ይቀጥላል ይላል። የቀኑ ቁጥር ከውል ውል ይለያያል። ቀድመህ ብታሳውቅም አልተቀበልንም ሊሉ ይችላሉ፤ ዘግይተህ ብታሳውቅም እንደዚያው። አምስት ዓመት ሙሉ ይኼንን ቀን የሚያስታውስ ማነው? አንተ ግድግዳህ ላይ ያለው የኛ ካላንደር ነው፣ የእህትህ የፈረንጅ፤ ቀኑን በሁለታችሁም ስልክ ላይ በፈረንጁ መዝግቡት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመፈረም በፊት ይኼ አንቀጽ እንዲሰረዝ መጠየቅ ነው። ይሰርዙታል፤ የጠየቀ ሰው ሲያገኝ አይቻለሁ።

ከ35ቱ ውጭ ያሉ ክፍያዎችም አሉ። ማሽኑን ኢንሹራንስ ያስገባህበትን ማስረጃ ካልላክህ እነርሱ ራሳቸው ሸፍነው በቢሉ ላይ ይጨምራሉ። የንብረት ግብር ወደ ተከራዩ ይዛወራል። የፖስታ ታሪፍ ሲቀየር ማሽኑ አዲሱን ዋጋ እንዲያውቅ የሚከፈል ሊኖር ይችላል። ሰነድ ማዘጋጃ የሚባል አለ። ሲያልቅ ማሽኑን አሽጎ መመለሻው የማን እንደሆነ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተከራዩ ነው። ማሽኑን መጣልም ለሌላ ማስተላለፍም ክልክል ነው፣ ሜትር ስለሆነ። ቢሮ ስትቀይርም አድራሻውን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የፖስታው ገንዘብ ራሱ ከኪራዩ የተለየ መሆኑን ልብ በል። ማሽኑን አስቀድመህ በገንዘብ ትሞላዋለህ። አከራዮቹ «አሁን አትሙ፣ በኋላ ትከፍላላችሁ» የሚል የብድር መስመርም ያቀርባሉ። በሰዓቱ ላልተከፈለ ወለድና ቅጣት አለው፤ ለ2,080 ደብዳቤ ብድር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ካስፈለገ አስቀድማችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ሙሉ።

«3 ወር በነፃ» የተባለውን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁበት፦ 60ው ወር ከመቼ ይቆጠራል? ነፃዎቹን ጨምሮ ከሆነ የምትከፍሉት 57 ነው። ከነፃዎቹ በኋላ ከሆነ ግን ያው 60 ከፍላችሁ የምትታሰሩት 63 ወር ይሆናል። ቅናሽ መስሎ ውሉን የሚያረዝም ነገር አለ።

እህትህ ጊዜ ስለማይመቻት በእሷ ኢሜይል ገብተህ አንተ እንድትፈርም አስባችኋል። ይኼን ተወው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕጋቸው በኤሌክትሮኒክ የተፈረመ እንደ ወረቀት ፊርማ ይጸናል፣ ከኮምቦልቻ ሆነህ በስልክህ የነካኸውም ቢሆን። ነገር ግን ውሉ ውስጥ ፈራሚው ሥልጣን አለኝ ብሎ የሚያረጋግጥበት፣ አንዳንዴም የቢሮው ባለቤት፣ ማለትም እህትህ፣ ድርጅቱ ባይከፍል በግሌ እከፍላለሁ የምትልበት አንቀጽ አለ። ይኼንን የምታነበውም የምትፈርመውም እሷ ትሁን። አንተ ብታግዛት አንቀጾቹን በአማርኛ አስረዳት።

ለታክስ ቢሮ በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ይኼንን ከሻጭ አትሰማውም። የአሜሪካ የግብር ሕግ፣ ክፍል 7502፣ በቀነ ገደቡ በፖስታ የተላከ ሰነድ ዘግይቶ ቢደርስም በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጥረዋል። ማስረጃው ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከሆነ ቀኑ ይታመናል። ሜትሩ ያተመው ቀን ግን ቢሮው ራሱ ያተመው ስለሆነ እኩል ክብደት የለውም፤ ሰነዱ ከዚያ ቦታ በዚያ ቀን ቢላክ በተለመደው ጊዜ መድረስ የነበረበት ካልደረሰ፣ ላኪው በቀኑ ለፖስታ ቤት መስጠቱንና ለምን እንደዘገየ ማስረዳት ይኖርበታል። ሁለቱም ማኅተሞች ካሉበት ደግሞ የሚታየው የፖስታ ቤቱ ብቻ ነው። እህትህ ኤፕሪል 15 ማታ በሜትር አትማ ሳጥን ውስጥ ብትጨምረው ተማምና መተኛት የለባትም። በቴምብር ብትልከውም ማኅተሙ የሚመታው በማደራጃ ማዕከል ስለሆነ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ቀነ ገደብ ያለበትን ነገር በመስኮት ቀርባ በአደራ ትላከው፤ እነርሱ ሰርቲፋይድ ሜይል የሚሉት ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ማኅተም ይምታበት። የዚያ ደረሰኝ ማኅተም ቀን እንደ መላኪያ ቀን ይቆጠራል። እርግጥ ሥራዋ አብዛኛው በወረቀት አይሄድም፤ በዓመት 11 እና ከዚያ በላይ የግለሰብ ታክስ የሚሠራ ባለሙያ በኤሌክትሮኒክ እንዲያስገባ ይገደዳል። የሚቀሩት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚሰጡ መልሶችና ለደንበኞች የሚላኩ ቅጂዎችና ቢሎች ናቸው። ቅጂውንም ቢሆን በኢንተርኔት የሚቀበል ደንበኛ እየበዛ ሲሄድ የደብዳቤው ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አምስት ዓመት የሚያስር ውል ደግሞ የደብዳቤው ቁጥር እንደዛሬው ይቀጥላል ብሎ የሚወራረድ ነው።

ታዲያ ምን ታድርግ? በኮምፒውተርና በተራ ፕሪንተር ፖስታ ላይ ዋጋ ማተም ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። እንደ ስታምፕስ ዶት ኮም ያሉት በወር ወደ 20 ዶላር ያስከፍላሉ፣ ደብዳቤውም በሜትር ዋጋ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ብትከፍል 240 ይሆናል፤ ይኼም ከ83 ይበልጣል፣ ልሸፋፍንልህ አልፈልግም። ለአራቱ ወራት ብቻ ብትመዘገብ ግን 80 ዶላር ከፍላ ከ1,600 ደብዳቤ 64 ዶላር ይመለስላታል። 16 ዶላሩ ሰልፍ ሳትቆም ከቢሮዋ ለማተሟ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ ምዝገባውን ማቋረጥ እንዳትረሳ፤ በሌሎቹ ወራት ቴምብርና ሚዛን ይበቃታል። ጥቅል ዕቃ ብቻ ከሆነ የምትልከው የፖስታ ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ ያለ ወርሃዊ ክፍያ መለያ ያትማል፤ ተራ ደብዳቤ ግን እዚያ አይሠራም።

እኔ ብሆን ሶፍትዌሩንም አልገዛም ነበር፤ ሚዛን፣ ጥቅል ፎርኤቨር ቴምብር፣ የተጨማሪ አውንስ ቴምብር። በቃ። ግን እህትህ ማሽኑን ወዳዋለች፣ ፖስታው ላይ የድርጅቷ ስም አብሮ ሲታተም ደንበኛ ያከብራል ብላለች ብለሃል። ይገባኛል፤ ለአዲስ ቢሮ ይኼም ዋጋ አለው። እንግዲያው ለሻጩ እንዲህ ብላ ትጻፍለት፦ የ12 ወር ኪራይ ይሁን፣ ራሱን አያድስ፣ ከ35ቱ ሌላ የሚከፈል ካለ በዝርዝር በጽሑፍ ይምጣ፣ የመመለሻው ማጓጓዣ የእናንተ ይሁን፣ የግል ዋስትና የለበትም። የወር ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይመልስ ይሆናል፣ ያድርግ፤ በወር 45 ለአንድ ዓመት 540 ነው፣ 35 ለአምስት ዓመት 2,100። አይሆንም ካለ ሌሎቹን አቅራቢዎች ትጠይቅ። «እስከ ዓርብ» የተባለው እንዳያስቸኩላችሁ። ያው ቅናሽ በሚቀጥለው ወርም አለ።

የመጨረሻዋ ጥያቄህ። ያ ማሽን የሚያትመው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ብቻ የሚቀበለውን ዋጋ ስለሆነ ባሕር አሻግረህ ብታመጣው ጠረጴዛ ከማጣበብ ሌላ አይሠራልህም። እዚህ ያለው ሥራችሁ ደግሞ ባልከው መሠረት በወር ጥቂት ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባና አንዳንዴ ወደ ውጭ መላክ ነው። ፖስታ ቤታችን በመስኮት መዝኖ ያስከፍላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የሚቸኩለው በኢ.ኤም.ኤስ.፣ በፈጣን መልእክት አገልግሎቱ፣ ይሄዳል። የሚመጣላችሁን ደብዳቤ ለመቀበል ፖስታ ሣጥን ከሌላችሁ ግን ተከራዩ፤ ለባንክና ለጨረታ ሰነድ የሚጠየቅ አድራሻ ነው፣ ኪራዩም በዓመት ነው የሚከፈለው።